አሥራት ከአውድማ ላይ ነው ወይስ ጎተራ ከገባ በኋላ? ገብስ፣ በግና ደመወዝ ላለው ቤት

የጌራ ልጅ (ጥያቄ)

ሰላመ እግዚአብሔር ለሁላችሁ ይሁን። በቤታችን አሥራት እናውጣ ብለን ከተስማማን በኋላ ስሌቱ ላይ ተጣብቀን ቀርተናል። አባቴ መንዝ ጌራ ምድር ገበሬ ናቸው። ዘንድሮ በራሳቸው መሬት 18 ኩንታል ገብስና 6 ኩንታል ባቄላ አግኝተዋል። በእኩል ከሚያርሱት መሬት ደግሞ 14 ኩንታል ስንዴ ወጥቶ ከባለመሬቱ ጋር ተካፍለዋል። በጎቹ 30 ናቸው፣ በዚህ ዓመት የተወለደው ግልገል 7 ነው። የማዳበሪያ ዕዳም አለባቸው። እኔ ደብረ ብርሃን ደመወዝተኛ ነኝ፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጄ የሚገባው 9,000 ብር ነው።

የምንከራከርበት ይህ ነው፦ ዘርና የማዳበሪያ ዕዳ ተቀንሶ ነው ወይስ ከጠቅላላው? 30 በግ ያለው ሰው በየዓመቱ 3 በግ ይሰጣል? በእህሉ ፋንታ ብር መስጠትስ? እናቴ ማኅበር ትጠጣለች፣ የጻድቃኔ ማርያም የዣንጥላ ስእለትም አለባት፤ ይህ ከአሥራቱ ይታሰብላታል? የእኔስ ለአባቴ ደብር ነው ወይስ ለምኖርበት አጥቢያ? «እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ» ሳይሆን ከመጽሐፍ ምዕራፍና ቁጥር ብትጠቅሱልኝ ደስ ይለኛል፤ አባቴ እያነበብኩላቸው ነው።

ሒሳብ ጸሐፊ (ምንጃር)

እኔ ስሌቱን ልያዝ፣ ትምህርቱን መምህራኑ ይሙሉት።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው ገና ከአሰፋፈሩ ነው። «አሥር ለቤት፣ አንድ ለእግዚአብሔር» ብሎ መስፈር ተለምዷል። ይህ ከ11 አንድ ነው እንጂ አሥራት አይደለም። 18 ኩንታል ገብስ 1,800 ኪሎ ነው፤ አሥራቱ 180 ኪሎ። በአሥር ለአንድ ከተሰፈረ ግን የሚወጣው 164 ኪሎ ገደማ ነው፣ 16 ኪሎው ቤት ቀረ። ትክክለኛው ዘጠኝ ቁና ለቤት፣ አሥረኛው ለብቻ ነው። ቁናውም ያው አንዱ ይሁን። ቁና ከቤት ቤት ስለሚለያይ ለቤት በትልቁ፣ ለቤተ ክርስቲያን በትንሹ መስፈር ዘዳ. 25፥13-15 ከሚከለክለው ከሁለት ዓይነት ሚዛንና መስፈሪያ አይለይም። አንዱን ቁና ከምሮ ሌላውን በእጅ መጥረግም ያው ነው።

ቦታው አውድማ ነው። ዘኁ. 18፥27 እና 30 ስለዚህ ስጦታ ሲናገር የሚጠራው አውድማውንና መጭመቂያውን ነው፣ ጎተራውን አይደለም። ምክንያቱ ለገበሬ ግልጽ ነው። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ለአጫጅ የተሰጠው፣ የጎረቤት ብድር የተመለሰበት፣ ወፍጮ ቤት የሄደው ሁሉ ከሒሳቡ ይጠፋል፤ በመጋቢት «ስንት ነበር?» ሲባል የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ተበራይቶ፣ በመንሽና በላይዳ ተዘርቶ፣ ግርዱ ሲለይ እዚያው ይሰፈር። በልግ የሚያመርት ቤት ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዴ ለመኸሩ፣ አንዴ ለበልጉ።

ዘር አይቀነስም። ዘዳ. 14፥22 ከዘርህ ፍሬ ሁሉ በየዓመቱ ይላል፤ ለከርሞ የሚቀመጠው ዘርም የዘንድሮ ፍሬ ነው። ማዳበሪያው ላይ ግን መጽሐፉ ቀጥተኛ ቃል የለውም፤ ያኔ ዘሩም በሬውም ጉልበቱም የባለቤቱ ነበር። በእኔ አስተያየት ለሌላ ሰው በእርግጥ የሚከፈል ጥሬ ብር፣ ማለትም የማዳበሪያ ዕዳና የትራክተር ወይም የኮምባይነር ኪራይ፣ ለነጋዴ የሸቀጥ መግዣ እንደሆነው ነውና ቢቀነስ ነውር የለውም። የቤተሰብ ጉልበት፣ የበሬ ቀለብ፣ ለደቦ የተጠመቀው ጠላ ግን አይቀነስም። እነዚህን መቀነስ የጀመረ ሰው መጨረሻው «ዘንድሮ ከሥሬያለሁ» ነው። አባትህ ሳይቀንሱ ልስጥ ካሉ ደግሞ አትከራከራቸው።

የእኩሉ ስንዴ 14 ነው፣ የአባትህ ድርሻ 7፤ ከ7ቱ 70 ኪሎ ያወጣሉ። የባለመሬቱን 7 ባለመሬቱ ያስብበት። ከመካፈላችሁ በፊት ከመሐል ለማውጣት ከተስማማችሁም ያው ነው፣ 140 ኪሎ ወጥቶ የቀረው ለሁለት። ሁለቱ ሳይስማሙ ግን አንዱ ከመሐል ማውጣት አይችልም፤ በሰው እህል ማሠር፣ ማለትም አሥራት ማውጣት፣ ይሆናል። ባቄላው 60 ኪሎ። ከየዓይነቱ ይውጣ፤ ገብሱ ረከስ ስላለ ሦስቱንም በገብስ መክፈል አይገባም።

ብሩን በተመለከተ ሁለት የተለያየ ነገር አለ፣ ሰው ያደባልቀዋል። አንደኛው እህሉን ሸጦ ገንዘቡን መስጠት ነው። ዘዳ. 14፥24-25 መንገዱ የራቀበትን ሰው ሸጠህ ገንዘቡን ይዘህ ሂድ ይለዋል፣ ጭማሪ አልጠየቀም። ሁለተኛው እህሉን ለራስ አስቀርቶ በምትኩ ብር መስጠት ነው። ለዚህ ዘሌ. 27፥31 አምስተኛ ያስጨምራል። ለስሌት እንዲመች ኩንታሉን 5,000 ብር እንበል፦ 180 ኪሎ ገብስ 9,000 ብር ነው፣ አምስተኛው 1,800፣ ድምሩ 10,800። ዛሬ በአጥቢያችን ይህን ጭማሪ የሚጠይቅህ የለም፤ የተጻፈበትን ምክንያት ማወቅ ግን ይጠቅማል። ሰው ለራሱ ሲገምት ዝቅ አድርጎ ይገምታል። በጥር ዋጋ ገምቶ አሥራቱን ከፍሎ፣ ያንኑ እህል ነሐሴ ላይ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ገበሬ አለ። እህሉን አስቀርታችሁ በብር ልትሰጡ ካሰባችሁ ወይ አምስተኛውን ጨምሩ፣ ወይ በተሸጠበት ቀን ዋጋ አስቡ።

በጉ ቀላል ነው፣ 3 በግ አይደለም። ዘሌ. 27፥32 በጎቹ ከበትሩ በታች እያለፉ አሥረኛው ይለያል ይላል፤ ይህ ከልደቱ ነው፣ በየዓመቱ ከመንጋው ሁሉ አይደለም። በየዓመቱ ከመንጋው አሥረኛ ከወጣ 30ው 27፣ 27ቱ 24 ገደማ እየሆነ መነሻው ራሱ ያልቃል። የተወለደው 7 ከሆነ አሥረኛ የለም። ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ 7ቱን ከከርሞው ልደት ጋር ደምሮ አሥረኛውን መስጠት፣ ወይ ሲሸጡ ከየአንዱ ዋጋ አሥረኛውን ማውጣት። ሁለተኛው ይሻላል፤ ከርሞ የሚረሳ ነገር ነው። በትሩ ሥር ያለፈውን «ይህ ወፍራም ነው፣ በከሲታው ልለውጠው» ማለት በቁጥር 33 ተከልክሏል፤ ከተለወጠ ሁለቱም ይሄዳሉ።

ያንተ ደመወዝ 9,000 ከሆነ 900 ነው። ከጠቅላላው ይሁን የሚሉም አሉ። ከተጣራው ካወጣህ ግን አንድ ነገር አትርሳ፤ ለጡረታ የተቆረጠው 7 ከመቶ አሁን አልታሠረም፣ ጡረታ ስትወጣ ሲመጣ ያኔ አሥራት አለበት። ከጠቅላላው ካወጣህ ደግሞ ያኔ በከፈልከው መጠን ደግመህ አትከፍልም። የውሎ አበል ለመንገድና ለአልጋ የተሰጠ ነው፤ ከተረፈ የተረፈው ይታሰብ።

መምህር ዘአንኮበር

ሒሳብ ጸሐፊው በሚገባ አስቀምጠውታል። የማኅበሩና የስእለቱ ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እኔ እርሱን ልያዝ።

ማኅበር የሚጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ዘዳ. 14፥23 እና 26ን ያነሣል። እዚያ ባለቤቱ ራሱ በእግዚአብሔር ፊት ይበላዋል፣ ከቤተሰቡም ጋር ደስ ይለዋል ይላልና። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን የትኛው አሥራት ነው? በእኛ መጻሕፍት ይህ ተለይቶ ተጽፏል። ጦቢት በምዕራፍ 1 ከቁጥር 6 ጀምሮ ሦስቱን ያስቀምጣቸዋል፦ የመጀመሪያው በኢየሩሳሌም ለሚያገለግሉት ለሌዊ ልጆች፣ ሁለተኛው ተሸጦ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም የሚወጣው፣ ሦስተኛው ለሚገባቸው ለችግረኞች። መጽሐፈ ኩፋሌም በምዕራፍ 32 በእግዚአብሔር ፊት የሚበላውን «ሁለተኛ አሥራት» ብሎ ይለየዋል። ስለዚህ ባለቤቱ የሚበላው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ለአገልጋዮች ሳይወጣ ሁለተኛውን በልቶ «አሥሬያለሁ» ማለት አይቻልም። እናትህ ማኅበሩን ይጠጡ፣ ጽዋውም ዝክሩም መልካም ነው፤ ግን በአሥራት ቦታ አይቆጠርም። ዕድርና ተዝካር ጭራሽ አይነሡም።

(እዚያው ኩፋሌ 32 ላይ አንድ ውብ ነገር አለ። ያዕቆብ ያለውን ሁሉ ሲያሥር ልጆቹንም ቆጠረ፤ ከታናሹ ከብንያም ወደ ላይ ሲቆጥር አሥረኛው ሌዊ ሆነ። ብንያም፣ ዮሴፍ፣ ዛብሎን፣ ይሳኮር፣ አሴር፣ ጋድ፣ ንፍታሌም፣ ዳን፣ ይሁዳ፣ ሌዊ። ሌዊ ራሱ የአባቱ አሥራት ነው፤ አሥራት ለሌዊ የሆነበትን ምክንያት ልጆች በጣታቸው እየቆጠሩ ይማሩበታል።)

ስእለት ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው። ባትሳል ኃጢአት የለብህም፣ ከተሳልህ ግን አታዘግይ ይላል ዘዳ. 23፥21-23፤ መክብብ 5፥4-5ም ይደግመዋል። አሥራት ሳይሳሉት ያለ ነው፣ ስእለት በገዛ አፍ የገባ ነው። ዣንጥላው ለጻድቃኔ ማርያም ከተባለ ለጻድቃኔ ማርያም ነው፤ ዋጋው ከገብሱ 180 ኪሎ ላይ አይቀነስም።

«ለማን?» ለሚለው፣ አሥራት የአገልጋዩ መኖሪያ ነው። ነህምያ 13 ላይ የሆነውን አንብቡ። የአሥራቱ ዕቃ ቤት ለጦብያ ተሰጥቶ ሌዋውያኑ ድርሻቸውን አጡ፤ በቁጥር 10 እንደተጻፈው መዘምራኑና ሌዋውያኑ ቤተ መቅደሱን ትተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሹ። በዚህም አገር ካህኑ ሳምንቱን ሲያርስ ሰንብቶ እሑድ ሌሊት ማኅሌት ይቆማል፤ ከዚያ ቅዳሴ ሲቋረጥ እንማረራለን። ድሮ ለአገልጋዩ ካህን መተዳደሪያ የሚሰጥ የሰሞን መሬት ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ እርሱ ቀረ። ስለዚህ አባትህ ልጆቻቸው ለተጠመቁበት፣ ሬሳቸው ለሚፈታበት ለራሳቸው ደብር ይስጡ። አንተ ቆርበህ የምትኖረው፣ የንስሐ አባትህ ያሉት ደብረ ብርሃን ከሆነ በዚያው አጥቢያ ስጥ። ለአባትህ ደብር ጣሪያ መርዳት ብትፈልግ ከአሥራትህ በላይ በጎ ፈቃድ ብለህ ጨምር።

ከሸዋ ሮቢት

ሒሳቡ ደስ ይላል፣ ግን የምትቆጥሩት ሁሉ ኦሪት ነው። ሐዋርያት የትኛውን አሕዛብ «አሥር» አሉ? 2ቆሮ. 9፥7 እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም ይላል። መበለቲቱም ሁለት ሳንቲም ስትጥል አሥረኛውን አልነበረም የጣለችው፣ ያላትን ሁሉ ነው (ማር. 12፥44)። ድሃ ገበሬ ላይ ዘጠኝና አንድ እየቆጠሩ መጫን ሸክም አይሆንም?

መምህር ዘአንኮበር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ በጥቅስ ልመልስ።

አሥራት በሙሴ አልተጀመረም። አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ ሲሰጥ (ዘፍ. 14፥20) ሕግ አልተጻፈም ነበር፤ ያዕቆብም በቤቴል አሥራትህን እሰጥሃለሁ ሲል (ዘፍ. 28፥22) እንዲሁ። ዕብ. 7 የሚከራከረው በዚሁ ነው፤ መልከ ጼዴቅ ከሌዊ እንደሚበልጥ ያሳየው አሥራት በመቀበሉ ነው። ጌታም ከአዝሙድና ከእንስላል አሥራት የሚያወጡትን ሲገሥጽ አሥራቱን ተዉ አላለም፤ ፍርድንና ምሕረትን ታማኝነትንም ስለተዉ ነው የገሠጻቸው፣ ሌላውንም ሳትተዉ ብሏል (ማቴ. 23፥23)። ይህን ሲናገር መቅደሱ ገና ቆሞ እንደነበር አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው በእርሱ ብቻ የማልደገፈው።

የጠቀስከው 2ቆሮ. 9 ደግሞ በኢየሩሳሌም ለተቸገሩ ቅዱሳን የሚሰበሰብ እርዳታ ነው፤ 1ቆሮ. 16፥1-2ም ስለዚያው ነው። ለአገልጋዩ መኖሪያ ጳውሎስ የጻፈው 1ቆሮ. 9፥13-14 ላይ ነው፤ በመሠዊያው የሚያገለግሉት ከመሠዊያው ይካፈላሉ ካለ በኋላ፣ ጌታ እንደዚሁ ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል እንዲኖሩ ደነገገ ይላል። መበለቲቱን ያነሣህልኝ ግን ለእኔ ነው የሚረዳው፤ እርሷ ከአሥረኛው አልፋ ነው የሄደች። አሥረኛው መነሻ ነው፣ መድረሻ አይደለም።

ስለ ሸክሙ ተስማምቻለሁ። ልጁ የሚበላው ያጣ ሰው የሚቀበል ነው እንጂ የሚሰጥ አይደለም። ዘዳ. 14፥28-29 በሦስተኛው ዓመት ያለውን አሥራት ለመጻተኛ፣ ለድሃ አደግና ለመበለት ያደርገዋል። በድርቅ ወይም በበረዶ ሰብሉ የጠፋበትን ገበሬ ሰበካ ጉባኤው አሥራት መጠየቅ የለበትም፣ ያልተገኘ ምርት አሥረኛ የለውም። ደግሞም ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ ብሎ የወላጁን ቀለብ የሚያስቀር ሰው ማር. 7፥11-13 ላይ ቁርባን ሲሉ ከተወቀሱት ጋር ነው። ተገላቢጦሹም አለ፤ ወላጅን መጦር ግዴታ ስለሆነ (1ጢሞ. 5፥8) ለእናት የላኩትን ብር አሥራት ነው ብሎ መመዝገብ ትክክል አይደለም።

የጌራ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን። አባቴ ስለ ቁናው ሲሰሙ ስቀው «እስከ ዛሬ አሥራ አንደኛ ነበራ!» አሉ። ሁለት ነገር ቀረ። እናቴ ኩበት ጠፍጥፋ ደብረ ብርሃን ታስሸጣለች፣ አረቄም ታወጣለች። ከዚህ ይታሠራል ወይ? ያለፈው ሦስት ዓመት ያልወጣውስ እንዴት ይሆናል?

መምህር ዘአንኮበር

ኩበቱ ያለ ጥያቄ ይታሠራል፣ የእጅ ሥራ ነው። አረቄው ላይ የምታገኘው መልስ እንደምትጠይቀው ሰው ይለያያል። ዘዳ. 23፥18 ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ የከለከለው የአመንዝራን ዋጋና የውሻን ዋጋ ነው፤ መጠጥ አልተቆጠረም። ግን ኤፌ. 5፥18 በወይን ጠጅ አትስከሩ ይላል፣ አረቄ ደግሞ ከወይን ጠጅ የባሰ ነው። የእኔ ምክር እናትህ ከንስሐ አባታቸው ጋር ስለ ሥራው ራሱ ይነጋገሩ፤ አሥራት አወጣሁበት ማለት ሥራውን አያነጻውም፣ ያልታሠረ መሆኑም አያረክሰውም። በአራጣ ወይም በማጭበርበር የመጣ ገንዘብ ግን ጭራሽ አይታሠርም፤ ለባለቤቱ ይመለሳል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለተበደለው ነው (ሉቃ. 19፥8)።

ስላለፈው፣ ዘሌ. 5፥15-16 በተቀደሰ ነገር ለበደለ አምስተኛ ጨምሮ ይክፈል ይላል። ዛሬ ይህ በንስሐ ሥር ነው፤ ምን ያህል፣ በስንት ጊዜ የሚለውን የንስሐ አባት ይወስናሉ። ያለፈውን ለመሙላት ብሎ የዘንድሮውን ማስቀረት ግን ስህተት ነው፤ ዕዳው እየተንከባለለ ይኖራል። የዘንድሮው በሙሉ ይውጣ፣ ያለፈው ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ።

ሒሳብ ጸሐፊ (ምንጃር)

እህሉ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውን ልጨምር። አሥራቱ የነቀዝ መድኃኒት ከመደረጉ በፊት ይለይ። መድኃኒት የገባበትን እህል ካህኑ ቤተሰብ ወዲያው ፈጭቶ ቢበላ አደጋ ነው፤ ከገባበት የገባበትን ቀንና የመድኃኒቱን ዓይነት ጆንያው ላይ ጻፉ። ባቄላው በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ባቄላ ታሽጎ ዕቃ ቤት ከገባ ይሻግታል። እንክርዳድ ያለበትን ስንዴ አበጥሩ፤ ሚል. 1፥8 ዕውሩንና አንካሳውን ስለሚያቀርቡ ነው የሚወቅሰው። መገበሪያ (ለቁርባን ኅብስት የሚሆን ስንዴ) የሚሰጥ ካለ ደግሞ ያ የተለቀመ ንጹሕ ስንዴ ብቻ ነው፤ በተለየ ዕቃ ይሁን፣ ከአሥራቱ ስንዴ ጋር አይቀላቀል።

ርክክቡ ለሰበካ ጉባኤው ነው፤ ለአንድ ካህን በእጅ፣ ወይም ስልክ ላይ ለተላከ የማናውቀው የባንክ ቁጥር አይደለም። ነህ. 13፥13 በዕቃ ቤቱ ላይ የሾመው አንድ ሰው አይደለም፦ ካህኑ ሰሌምያ፣ ጸሐፊው ሳዶቅ፣ ከሌዋውያን ፈዳያ፣ ረዳታቸው ሐናን። አራት። በእኛም ሚዛኑ ላይ ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊውና አንድ የቁጥጥር አባል ይገኙ። ደረሰኙ ላይ «ልዩ ልዩ ገቢ» ተብሎ ከተጻፈ ይስተካከል፤ «አሥራት፣ ገብስ 180 ኪሎ፣ ባቄላ 60 ኪሎ፣ ስንዴ 70 ኪሎ» ተብሎ በዓይነት ይጻፍ። በብር ተገምቶ ብቻ ከተጻፈ ግን እህሉ በኋላ በስንት እንደተሸጠ ማንም ማመሳከር አይችልም። ጆንያውን ከሰጣችሁ በኋላ ባዶውን መልሳችሁ ውሰዱ፤ ካልሆነ «ከነጆንያው» ተብሎ ደረሰኙ ላይ ይግባ፣ በዚህች በጆንያ የተነሣ ስንት ጉባኤ ተጣልቷል።

የእኩሉን ስንዴ ባለመሬቱ አሁን ከመሐል ይውጣ ቢል ደግሞ ስንዴው ገና ካልተነካ አልመሸም፤ 140 ኪሎ ወጥቶ ለየራሳችሁ 630 ኪሎ ይቀራል። ደረሰኙ ግን በሁለት ስም፣ 70 70 ተብሎ ይቆረጥ።